በሰሊጡ መሃል ያገኘሁት ኃይል

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ መናፍስትን የማየትና የመምታት ኃይል አገኘሁ። ኃይሉ አብሮኝ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ አንድ ሰው ልገድል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እኔንም ከቆጠራችሁ ሁለት። ነገሩ እንዲገባችሁ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ መናገር አለብኝ።

ስሜ ምህረት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት ከተማ ነው። አባቴ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ስላለው ሰው ሁሉ "ባለሀብቱ" ይለዋል። እሱ ስሙን የማይወደው ለመምሰል ግንባሩን ይቋጥራል፤ ተዉ ብሎ ግን አያውቅም። እኔ በክፍል ውጤቴ መሃል፣ በቁመቴ መሃል፣ በቤታችንም ከአምስት ልጆች መሃለኛዋ ነበርኩ። አስተማሪዎች ስሜን ለማስታወስ ዓመቱ እስኪያልቅ ይቸገሩ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ኃይል ከሰማይ እንዲወርድላት ብትጠብቅ አትፍረዱባት።

መጠበቅን ያስተማረችኝ ሐናን ናት። ጦርነቱ ከካርቱም ሲያፈናቅላቸው ከእናቷ ጋር መጥተው ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ። እናቷ የጎንደር ሴት ናት፤ አባቷ ሱዳናዊ ነበር። ሐናን ይዛ የመጣችው አንድ ቦርሳ ልብስና መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ሲሆን፣ ስልኩ በማንጋ የተሞላ ነበር። ማንጋ ጃፓኖች በሥዕል የሚተርኩት ታሪክ ነው። የሷ ወደ ዐረብኛ የተተረጎመ ነው፤ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እሷ አልተቸገረችም። እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሰዎቹ መጀመሪያ ሞተው ኋላ ሲጣሉ ነበር የማየው።

የወደድነው ታሪክ በባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የሚማሩ አምስት ተማሪዎች ታሪክ ነው። ልጆቹ እንደኛው ፈተና ይወድቃሉ፤ እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል። አንድ ቀን ኃይል ይመጣባቸዋል። የአንዱ ዓይን፣ የአንዷ ጆሮ፣ የሌላዋ መዳፍ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ድልድይ ሥር፣ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ሰው ጀርባ ላይ የተቀመጡ መናፍስትን እያዩ ይዋጓቸዋል። ሐናን እያነበበች በአማርኛ ትነግረኝ ነበር።

"ኃይሉ ግን እንዴት ነው የሚመጣው?" ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችና ትንሽ ቆየች። "መጀመሪያ አጥንትሽ ውስጥ ብርድ ይገባል። ፀሐይ ላይ ቆመሽ ትንቀጠቀጫለሽ" አለች። "ከዚያ እሳት ይሆናል። ጭንቅላትሽ ለሁለት የሚከፈል ይመስልሻል፤ አፍሽ ይመራል። በሦስተኛው ቀን ማየት ትጀምሪያለሽ።"

"ለሰው ይነገራል?"

"ለትልልቅ ሰዎች ከተናገርሽ ይጠፋል።"

ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ከሁሉም በላይ ወደድኋት።

ሐምሌ ሲጋመስ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር አክስቴን እትዬ ዘውዴን በምግብ ሥራ እንዳግዛት እርሻው ላይ ወዳለው ካምፕ ተላክሁ። ሐናንም አብራኝ መጣች። ወቅቱ የሰሊጥ አረም ነው። በዚያን ጊዜ ከደጋ ለሥራ የሚወርዱት ሰዎች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ በየእርሻው በሣር ዳስ ውስጥ ያድራሉ። በአባቴ ካምፕ አርባ ያህል ነበሩ። ዝናቡ መረሬውን፣ ጥቁሩን አፈር፣ ሊጥ ስለሚያደርገው ከካምፑ ወደ ከተማ የሚያደርስ ነገር አንድ ትራክተር ብቻ ነው። ትራክተሩን የሚያዘው፣ ሠራተኛውንም የሚያሰማራው ካቦው ጋሽ አድማሱ ነበር። ጋሽ አድማሱ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴን የሚፈራ ሰው ነበር።

ካምፑ በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን፣ እንጨት ስሰብር ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ፀሐይዋ ድንጋይ የምታፈነዳ ናት፤ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ሰኞ እሳት ሆነ። አፌ መረረ። ጭንቅላቴ ሐናን እንዳለችው ከመሃል ሊከፈል ደረሰ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የቆላ ሰዎች፣ ምን እንደያዘኝ ከእኔ ቀድማችሁ አውቃችኋል። እኔም የቆላ ልጅ ነኝ። ወባ በልጅነቴ ሁለት ጊዜ አስተኝታኛለች። ነገር ግን ለጀግንነት ስትጠባበቅ የኖረች ልጅ ብርድ ብርድ ሲላት ወባ ነው ብላ አታስብም። እኔ ደስ አለኝ። ዳስ ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ከአምስቱ ተማሪዎች የትኛዋን እንደምመስል እመርጥ ነበር። የመዳፏን ልጅ መረጥኩ።

አክስቴ ማክሰኞ ጠዋት ፊቴን አየችና "ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?" አለችኝ።

"ጭሱ ነው" አልኳት። ሕጉን ጠበቅሁ።

ያን ቀን ቀትር ላይ ማየት ጀመርኩ። ከሰሊጡ ማዶ አንድ ረጅም ነገር ቆሟል። መልኩ እርጥብ መረሬ ይመስላል፤ እጆቹ ከጉልበቱ ያልፋሉ፤ ፊት የለውም። ትክ ብዬ ሳየው ወደ ካምፑ አንድ እርምጃ ቀረበ። አልጮህኩም። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ተጠርቼ የማውቅ አልመሰለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አራሚዎቹ አንድ ሰው ተሸክመው መጡ። ቢራራ ነበር። ከጎጃም ደጋ የመጣ፣ ዕድሜው ከሃያ ሦስት የማይበልጥ፣ ሲያርም ቀልድ የሚያወራና ሁሉንም የሚያስቅ ልጅ ነው። አሁን ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል፤ አገሩ የተዋቸውን በሬዎች በስማቸው እየጠራ ከገደል እንዲመለሱ ይለምናቸዋል።

"ትናንት ከወንዙ ዳር ዋርካው ሥር ተኝቶ ነበር" አለ አንዱ። "እዚያ ያለው ነው የያዘው።"

"ያዘውም አልያዘው ከተማ ይወሰድ እንጂ" አለ ሌላው።

ጋሽ አድማሱ ትራክተሩ አዲስ መሬት ወደሚያርስበት ወገን ዞር ብሎ ተመለከተ። "ትራክተሩ እኮ ሥራ ላይ ነው። ሐሙስ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ጭኖት ይሄዳል" አለ።

ዕለቱ ማክሰኞ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩትም። እኔ የማየው ያን መረሬ መሳይ ነገር ቢራራ ደረት ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው።

"ደረቱ ላይ ተቀምጧል" አልኩ።

ሁሉም ዝም አሉ። በሕይወቴ አንድ ነገር ተናግሬ ሰው ዝም ሲልልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ደረቱን ሦስት ጊዜ መታሁት፤ በማንጋው የመዳፏ ልጅ የምትመታው እንዲያ ነው። ጃፓንኛ ስለማልችል ሐናን ስታነብልኝ የምትለውን ዐረብኛ ተጠቀምኩ። "እምሺ" አልኩት፤ ሂድ ማለት ነው። ያገራችን ነጋዴዎች ዶሮ ከሱቅ ሲያባርሩም ይሏታል።

ቢራራ ላብ በላብ ሆነ። በሬዎቹን መጥራት አቆመ። ትንፋሹ ረጋ አለና እንቅልፍ ወሰደው። በኋላ ባለሙያ ሲያስረዳኝ ትኩሳቱ ራሱ የሚበርድበት ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔ ሳልመታው፣ ዶሮም ሳትባረር፣ ያው ይሆን ነበር። ያን ሰዓት ግን አርባ ሰው አፉን ይዞ አየኝ።

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አለ ጋሽ አድማሱ፤ ከልቡ ቀለል ብሎት ነበር። "ከሐሙሱም ገላገልሽን።"

ትራክተሩ ማረሱን ቀጠለ።

ረቡዕ ጠዋት ከዳሳችን ደጃፍ ሰልፍ ነበር። አንደኛው ጥርሱን፣ ሌላው ወገቡን ያመዋል። አንዱ ደግሞ ሚስቱ ስልክ የማታነሳለት መንፈስ ይዟት እንደሆነ ከሩቅ እንድመለከትለት ጠየቀኝ። ቆሜ ለመታየት የዳሱን ምሰሶ ይዤ ነበር። ሁሉንም አስተናገድሁ። ሲነኩኝ "እጇ ይፋጃል" እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ፤ ለኃይሌ ማስረጃ እሱ ሆነ። ለባለ ሚስቱም "ነፃ ናት" አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ፤ የሚሻለው የቱ እንደነበር አላውቅም።

ሐናን ክንዴን ይዛ ከዳሱ ኋላ ወሰደችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምህረት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጭኝ። ኃይሉ እንዴት እንደሚመጣ የሚያሳየው ክፍል ስልኬ ላይ አይከፈትም። ተበላሽቷል።"

"እና የነገርሽኝ?"

"ከራሴ ነው። ስትጠይቂኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ካርቱም እያለሁ ወባ ይዞኝ ልሞት ነበር፤ እሱን ነው የነገርኩሽ። ብርዱም፣ እሳቱም፣ የአፌ ምሬትም። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ግመል ሲሄድ አይ ነበር።"

አሁን ሳስበው ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ነገር ሰው ለሰው ሊነግር አይችልም። የእኔን መልስ ግን ስሙት።

"ቀንተሽ ነው" አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቆመች። እኔ ጥያት ሄድኩ።

ቀትር ላይ ቢራራ አልነቃም። አጠገቡ የነበሩት ውሃ ሊያጠጡት ሲሞክሩ በአፉ ጎን ፈሰሰ። ጠሩኝ። ስገባ ያ ነገር አሁንም ደረቱ ላይ አለ፤ ይህን ጊዜ ግን ሌሎችም ነበሩ፤ ምሰሶው ላይ፣ ጣራው ላይ፣ የውሃው ጀሪካን አጠገብ። "ብዙ ሆነዋል" አልኩ። ሰዎቹ ወደ ኋላ አሉ። እጄን አነሳሁ፤ አንዴ መታሁ። ለሁለተኛው እጄ አልነሳ አለኝ። መሬቱ ወደ ጎን ሲዞር ትዝ ይለኛል። ግንባሬ ቢራራ ትከሻ ላይ አረፈ። ትከሻው ከእኔ ግንባር እኩል ይፋጅ ነበር። የመጨረሻው ሐሳቤ "ታዲያ ይህ የማን ኃይል ነው?" የሚል ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የማውቀው በሐናን አፍ ነው።

ጋሽ አድማሱ "የባለሀብቱ ልጅ ወደቀች" የሚል ሲሰማ በባዶ እግሩ ሮጠ። ሥራ ላይ የነበረው ትራክተር ማረሻውን እዚያው ጥሎ፣ ተሳቢውን ቀጥሎ፣ አንድ ማሰሮ ውሃ ለማፍላት በማይበቃ ጊዜ ዳሱ ደጃፍ ቆመ። ፍራሽ ተነጠፈ፤ ሸራ ተወጠረ፤ አክስቴ እያለቀሰች አብራ ተሳፈረች። እኔን ጫኑ። ቢራራን የጠራው የለም።

ሐናን ተሳቢው ላይ ዘላ ወጣችና መሃል ላይ ቆመች። "ያ ከሱ የወጣው ነገር ግማሹ እሷ ላይ ገብቷል" አለቻቸው። "አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ከሆኑ ሁለቱም ይሞታሉ። አብረው ካልሄዱ ኋላ ለአባቷ እናንተ ንገሩት።"

ጋሽ አድማሱ መንፈሱን ይመን አባቴን ይፍራ አላውቅም። "ጫኑት" አለ።

ከተማ የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ስነቃ ሐሙስ ነበር። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። የላብራቶሪው ባለሙያ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጣቴን ወግቶ የወሰደው ደም ምን እንደነበረበት በሁለት ቃል ነገረኝ። "ወባ፤ ብዙ" አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ቢራራ ነበር። የሱ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ ነበርና አልነቃም። "ትናንት ጠዋት ቢመጣ ኖሮ ይሻል ነበር። ማክሰኞ ቢመጣ ደግሞ በእግሩ ይመለስ ነበር" አለችኝ ነርሷ፤ ማክሰኞ ምን እንደሆነ አታውቅም።

ያን ሐሙስና ዓርብ መጋረጃውን ሳይ ዋልኩ። የቢራራ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። በሬዎቹን እንዲጠራ ተመኘሁ፤ አልጠራም። በማንጋ ጀግናው ሲሳሳት ገጽ ይገለጣል፤ ሌላ ትግል ይመጣል። እዚህ የሚገለጥ ነገር አልነበረም። ተኝቶ መስማት ብቻ ነበር። መሞቴን አልፈራሁም፤ እሱ ሞቶ እኔ መኖሬን ፈራሁ።

ዓርብ ወደ ማታ ገደማ ቢራራ ውሃ ጠየቀ።

ቅዳሜ መጋረጃው ተከፈተ። ከበሽታው የተነሣ በቀኝ ጆሮው እንደማይሰማ ነርሷ ስለነገረችኝ በግራው በኩል ቆምኩ። ንግግሬን ሌሊቱን ሁሉ ሳዘጋጅ አድሬ ነበር።

"ቢራራ፣ እኔ ምንም ኃይል የለኝም። አሞኝ ነው። ሰዎቹ አምነውኝ አንድ ቀን ሙሉ አስቀሩህ። በእኔ ምክንያት ልትሞት ነበር። ይቅር በለኝ።"

ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ስለተሰነጠቀ አልሆነለትም።

"አንች ልጅ" አለኝ። "ጓደኞቼ መጥተው ሁሉን አጫውተውኛል። ይኸውልሽ፣ አንች በመዳፍሽ ባትመችኝም ትራክተሩ ሐሙስ ነበር የሚሄደው። ይዞ የሚሄደውም ሬሳዬን ነበር። ያዳነኝ ኃይልሽ አይደለም፤ መታመምሽ ነው።"

"እንዴት?"

"አንች ወደቅሽ፤ ትራክተሩ መጣ። እኔ ስወድቅ ሥራ ላይ ነበር።"

ይህን ሲል በምሬት አልነበረም። ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው ነበር ያለው። እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ወደ ካምፑ የመጣሁት በዚያ ትራክተር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፊቴ ሲወጣ ሲገባ አይቼዋለሁ። መናፍስትን አጥርቶ የሚያይ ዓይኔ እሱን አላየውም።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጣ። እጄን ይዞ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ልናገር ያሰብኩት ሊጠፋብኝ ነበር፤ ግን ተናገርሁ። ማክሰኞን ነገርኩት፤ ሐሙስን ነገርኩት።

"አድማሱ ለምን አልደወለልኝም?" አለ ተቆጥቶ።

ጋሽ አድማሱ በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። "ጌታዬ፣ ትራክተሩ እንዳይቆም ያሉት እርስዎ ነዎት" አለ ቀስ ብሎ። "ለታመመ ሰው ይቁም ብለው የነገሩኝ ቀን የለም።"

አባቴ ወደ ቢራራ አልጋ ሄዶ ስሙን ጠየቀው። ሦስት ዓመት ተከታትሎ እርሻው ላይ የሠራን ሰው ስሙን ሲጠይቅ ሰማሁ።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ ከዚህ በኋላ አባቴ ተለወጠ፣ ካምፑም ገነት ሆነ ብዬ እንድጽፍ ትጠብቁ ይሆናል። አጎበርና መድኃኒት ገባ፤ እሱን አልክድም። አጎበሩ ግማሹ እህል መሸፈኛ ሆነ። አባቴም "የታመመ ሰው ወዲያው ይምጣ" ብሎ አዘዘ፤ ወዲያው የሚለው ቃል ግን ሰሊጥ ሲደርስ ይረዝማል። ማንጋም አልጠላሁም። ከሐናን ጋር እስከ ዛሬ እናነባለን፤ የማይከፈት ገጽ ስታገኝ "አይከፈትም" ትለኛለች። ቢራራ አገሩ ገብቶ አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ስልኩን በግራ ጆሮው እንዲይዝ አስታውሰዋለሁ።

የተለወጥሁት እኔ ነኝ፤ ለውጡም ትንሽ ነው። ኃይል ከሰማይ እስኪወርድልኝ መጠበቅ ተውኩ። ከተወለድሁ ጀምሮ እጄ ላይ የነበረ ኃይል እንዳለ፣ ያገኘሁትም የባለሀብቱ ልጅ ሆኜ በመወለዴ እንጂ አባቴን በመምረጥ እንዳልሆነ፣ ስለ እሱም ማንም ማንጋ እንደማይሥል ገባኝ። የማያኮራ ኃይል ነው። ሰው ሲያጨበጭብለት አላየሁም።

በዓመቱ ክረምት እንደገና ካምፕ ወረድሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ የወሎ ልጅ አንቀጥቅጦት ከሰሊጡ መሃል ወደቀ። እየሮጥሁ ሄጄ ጋሽ አድማሱን ትራክተሩን እንዲያስመጣ ለመንኩት።

"ልጄ፣ ትእዛዙን አውቃለሁ" አለ ፊቱን አዙሮ። "አሁን ግን ሥራ ላይ ነው። ይህችን ማሳ ይጨርስና። ነገ ጠዋት ይሄዳል።"

ልከራከረው አፌን ከፈትሁና ተውኩት። ነጠላዬን አውልቄ መሬቱ ላይ አነጠፍኩ፤ ከልጁ አጠገብ በጀርባዬ ተኛሁ።

"ጋሽ አድማሱ፣ እኔም አሞኛል" አልኩ።

ቆሞ አየኝ። ጤነኛ መሆኔን ያውቃል፤ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሾፌሩን ጠራ፤ ትራክተሩም ትልሙን ሳይጨርስ ወደ እኛ ዞረ።